ስምንተኛው ወንበር

የእህቴን ሰርግ እንግዶች አቀማመጥ ያወጣሁት በስፌት ቤቴ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ነው። ወረቀት ላይ ሰው ማዘዋወር አይሆንልኝም፤ ስርዝ ድልዝ ብቻ ነው ትርፉ። ጨርቅ ክብ ክብ አድርጌ ቆርጬ እንደ አዳራሹ ጠረጴዛዎች ደረደርኩ፤ በእያንዳንዱ ዙሪያ ስምንት ስምንት የልብስ ቁልፍ። ነጩ የኛ ወገን፣ ጥቁሩ የሙሽራው። አፈኛዋን አክስታችንን ከድምፅ ማጉያው ሥር ወሸቅኳት፤ እንዳሻት ብትሳደብ ማንም አይሰማት። የተኳረፉትን ሁለት የአጎት ልጆች አንዱን ወዲያ ጥግ፣ አንዱን ወዲህ ጥግ ወረወርኳቸው።

ከሙሽሮቹ ጋር መድረኩ ላይ የሚቀመጡት ስድስት ናቸው፦ የሙሽራው አባትና እናት፣ ሁለቱ ሚዜዎች፣ አባታችን፣ እና እኔ። ለራሴ ያስቀመጥኳት የእናታችንን ካፖርት የነሐስ ቁልፍ ነበር። እናታችን ስትሞት እህቴ አራት ዓመቷ ነው። አባታችን ዓመት ሳይሞላ ሌላ አገባ፤ ሚስቱም «የሰው ልጅ አላሳድግም» ብላ በሯን ዘጋችብን። እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ወጥቼ ስፌት ጀመርኩ።

ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው እህቴ ቀሚሷን ለመጨረሻ ጊዜ ልትለካ መጣች። ለብሳው መስታወት ፊት ዞር ዞር አለችና ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«እታለም፣ አባባ ያለ ሚስቱ አልመጣም አለ።»

«ይቅራ!»

«እንዴት ይቀራል? አባት እንደሌላት ልዳር? የባሌ ዘመዶች ምን ይሉኛል?»

«እሺ፣ አንድ ወንበር ይጨመራ።»

«መድረኩ ከስምንት በላይ አይችልም። ባለ አዳራሹ ነግሮሽ የለ?»

ነግሮኛል። እጇን ሰደድ አድርጋ የነሐሷን ቁልፍ አነሳች። በቦታዋ ከቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ነጭ ቁልፍ አውጥታ አስቀመጠች። ነጭ፣ የኛ ወገን! ከዚያ የኔን ይዛ ቦታ ስትፈልግ ቆየች። ሁሉም ሞልቷል። በመጨረሻ መቀሱ አጠገብ ጣል አደረገቻት።

«እኔስ የት ልቀመጥ?» አልኳት።

ሳቀች። ክፋት የለባትም፤ አንጀቴን ያሳረረኝም እሱ ነው። «ውይ፣ አንቺ ደግሞ መቼ ቁጭ ብለሽ ታውቂያለሽ? ምግቡን ታያለሽ፣ ቀሚሴን ታስተካክይልኛለሽ። አንቺ እኮ ቤተኛ ነሽ፣ እንግዳ አይደለሽም።»

ድስቱ ውስጥ የአንድ ሰው ምሳ ብቻ በነበረበት ዘመን ሁሉ፣ እሷን አስቀምጬ፣ እኔ ቆሜ፣ «በልቻለሁ» እያልኩ ነው ያሳደግኳት። ልጅቷ አመነችኝ። አንድ ቀን እንኳ «ርቦኛል» ብያት አላውቅም፤ ታዲያ ከየት ትወቀው?

ቀሚሱን አውልቃ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። «አልከፋሽም አይደል?»

«ምን ይከፋኛል» አልኩ።

እንደ ሄደች ቀሚሱን ገለበጥኩት። ጀርባዋ ላይ በሚያርፈው ገበር፣ ከወገቧ ከፍ አድርጌ፣ የነሐሷን ቁልፍ በድርብ ክር ሰፋኋት። ከውጭ አትታይም። ሙሽራዋ ወንበሯ ላይ ደገፍ ባለች ቁጥር ግን ትቆረቁራታለች። እናቴና እኔ መድረኩ ላይ ያገኘነው ቦታ ይኸው ነው።