ቹልተም ያነበበው ደብዳቤ

መምህር ቹልተም ከላይ ወደ ታች የሚጻፈውን የጥንቱን ፊደል እንዲማር ዋና ከተማ ሲላክ፣ ከአርባው የሥልጠና ቀን ግማሹን በዘመድ ቤት ሲዝናና አሳለፈው። ምስክር ወረቀቱን ግን ይዞ ተመለሰ። ፊደሉን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሞተው ስላለቁ፣ በመንደሩ እሱን የሚፈትን አልነበረም።

በነጭ ወር፣ በአዲስ ዓመቱ በዓል፣ እማማ ኻንድ ከኮርቻዋ ምንጣፍ ስፌት ውስጥ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ፈትታ አወጣች።

«መንግሥት የተማሩትን ሰዎች በለቀመበት ዓመት አባቴን ሲወስዱት በእጄ ያስጨበጠኝ ነው። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንብብልኝ ልጄ።»

የሱፍ ድንኳኑ በእንግዳ ሞልቷል። ቹልተም ወረቀቱን አገላብጦ ቢያይ የለየው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ልጄ» እና «ጎረቤት»። አላውቅም ማለት ሞት መሰለው። ኻንድ አባቴን ያስያዘው የጎረቤታችን የሶድኖም አባት ነው ብላ ያን ቤት እንደማትረግጥ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ልጄ ሆይ፣ አታልቅሺ» አለ። «ጎረቤታችንን ይቅር ብዬዋለሁ፤ አንቺም ይቅር በዪ ይላል፣ እማማ።»

ኻንድ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ግንባሩን ሳመችው። በማግስቱ በፈረስ ሶድኖም ቤት ሄዳ፣ እንደ ሰላምታ ልማዱ የሱረት ዕቃ ተለዋውጣ፣ «የአባትህን በደል ትቼልሃለሁ» አለችው።

ሰዉ ቹልተምን አመሰገነው። ምስጋናው ግን እንደ እሾህ ወጋው። የተማሪዎቹን ፊት ማየት አቃተው። ክረምቱን ሙሉ በሩን ዘግቶ ፊደሉን ከሥሩ ተማረ። በጸደይ ኻንድ ዘንድ ሄዶ ደብዳቤውን ለመናትና ብቻውን አነበበው። ጆሮው ጋለ።

«እማማ፣ ያኔ ዋሽቼሻለሁ። ማንበብ አልችልም ነበር።»

«ምን አልክ?»

«‹ልጄ፣ ጎረቤታችን አሥራ አንድ ቀን ደብቆኛል። ዳማዋ ባዝራ የእሱ ናት፤ መልሱለት። ውለታውን አትርሱ› ነው የሚለው።»

ኻንድ ፊቷ አመድ መሰለ። «ተነስ፤ አብረን ሶድኖም ቤት እንሂድና እዚያው አንብበው» አለችው።

ሶድኖም ከጨው ሻዩ ቀና ሳይል ሰማ።

«አውቃለሁ» አላት ኻንድን። «ልጆች ሳለን ወንዝ ዳር ነግሬሽ ነበር። ባልዲውን ወረወርሽብኝ።»

«ታዲያ ያንን ይቅርታዬን ለምን ዝም ብለህ ተቀበልክ?»

«ሃምሳ ሰባት ዓመት ከእናንተ ቤት ሰው አልመጣም፤ ኻንድ። ያመጣሽውን ሁሉ እቀበል ነበር።»

ኻንድ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ቹልተም ግን የሚደበቅበት አጥቶ ወደ ውጭ ወጣ። የፈረሱን ልጓም ፈትቶ እንደገና አሰረው። ስድብ ቢደርስበት በቀለለው ነበር፤ ማንም አልሰደበውም።

ኻንድ ተከትላው መጣች። አላየችውም፤ የምታየው ሜዳውን ነው።

«ነገ ከሰዓት ቤቴ ና። ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረህ አስተምረኝ። ሁለተኛ ሰው አያነብልኝም።»

«እሺ እማማ» አለ።