ዳኛው እና የዓመቱ አስር ምርጥ ጌሞች

በእስክንድርያ፣ በሲዲ ቢሽር ሰፈር፣ ጆይስቲክ ጨብጦ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዋጊህን ያውቀዋል። ቀን ቀን መነጽር ቤት ውስጥ የሰው ዓይን ይለካል። ከሥራ መልስ ግን ኢንተርኔት ላይ «ዳኛው» ነው፤ ሁለት መቶ አስር ሺህ ተከታይ አለው። የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ካሜራ ፊት ተቀምጦ የዓመቱን አስር ምርጥ ጌሞች በደረጃ ይናገራል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከአስዋን እስከ ዳሚየታ ያለው ወጣት ሲሰዳደብ ይከርማል። አራተኛ የወጣው ሦስተኛ መሆን ነበረበት በሚል ነገር ጓደኝነት ያፈረሱ ሰዎች አሉ፤ አንድ የታንታ ልጅማ እጮኛውን ትቷል ይባላል። ከዋጊህ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ በትልልቅ ፊደል «ሳልጨርስ አልፈርድም» የሚል ተጽፏል።

የዘንድሮው ችግር፣ ዋጊህ አንድም ጌም አለመጨረሱ ነበር።

ስንፍና ብቻ ነው እንዳይባል፣ ጌም በወጣ ቀን ከማንም ቀድሞ የሚገዛው እሱ ነው። ሶፋው ላይ ይመቻቻል፤ ጀግናው እንዴት እንደሚራመድ፣ እንዴት እንደሚዘል ይማራል፤ ዓለም ልትጠፋ እንደሆነ ይነገረዋል። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ብቅ ይልና፣ ዓለምን ከማዳንህ በፊት እስቲ አርባ እንጉዳይ ልቀምልኝ ይለዋል። ዋጊህ እዚህ ላይ ሲደርስ ስልኩን ያነሳል። ሰዎች ስለ ጌሙ ምን እንዳሉ ያነባል፣ ለሚሳደበው መልስ ይሰጣል፣ ለመለሰለት ይመልሳል። ጭቅጭቁ ከጌሙ ይጥማል። ጭቅጭቁን ሳይጨርስ ሌላ ጌም ይወጣል።

ለፍርድ ደግሞ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ነበሩት። «አጀማመሩ ግሩም ነው።» «ከመሃሉ በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል።» «ሙዚቃው ግን ልብ ይነካል።» ለየትኛውም ጌም ልክ የሚሆኑ ናቸው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አልነቃበትም።

ቃሲም የሚሉት የክረምት ማዕበል ባሕሩን መንገዱ ላይ ሲደፋ በሰነበተበት ሳምንት፣ ዋጊህ ለዝርዝሩ የሚሆኑ ምስሎች ሊያነሳ የጌም ማሽኑን ከፈተ። ማሽኑ የተጫወትከውን ሁሉ በስምህ ይመዘግባል። ዋጊህ በራሱ ስም የተመዘገበውን ሲያይ መነጽሩን አውልቆ ወለወለና እንደገና አየ። አስራ ሁለት ጌም ጨርሷል። ጨርሷል ብቻ አይደለም፤ አንድ ሣጥን ሳይቀረው፣ አንድ እንጉዳይ ሳይጎድለው፣ መቶ በመቶ።

መጀመሪያ ሌባ ነው ብሎ ጠረጠረ፤ የሆነ ሰው የይለፍ ቃሉን ሰብሮ ገብቷል። ግን የምን ሌባ ነው ገብቶ እንጉዳይ የሚለቅም? ሰዓቶቹን ተመለከተ። ከእሁድ እስከ ሐሙስ፣ ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት። በግብፅ መሥሪያ ቤት የሚዘጋባቸው አርብና ቅዳሜ የሉም። ሌባው የመንግሥት ሠራተኛ ይመስላል።

ማክሰኞ ዕለት አለቃውን ራሴን አሞኛል ብሎ አስፈቀደና በአራት ሰዓት ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሩን በቀስታ ከፍቶ ሳሎን ሲገባ እናቱን አገኛቸው። ሰፈሩ በመምህርት መጠሪያ «አብላ ሱሄር» የሚላቸው፣ ሰላሳ አራት ዓመት ጂኦሜትሪ ያስተማሩ የስልሳ ሰባት ዓመት ሴት ናቸው። ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገዋል፤ ከአጠገባቸው በግማሽ የተፈለፈለ አተር በሳህን ተቀምጧል፤ በእጃቸው ጆይስቲክ፣ ፊት ለፊታቸው ሦስት ራስ ያለው ዘንዶ።

«እማዬ፣» አለ።

«አንዴ ቆይ፣ ሁለተኛው ራስ ሊወድቅ ነው።»

ቆሞ ጠበቀ። ሁለተኛው ራስ ወደቀ፣ ሦስተኛውም ተከተለ። አብላ ሱሄር ጆይስቲኩን አስቀምጠው አተራቸውን ሳቡና ጉዳዩን እየፈለፈሉ አስረዱት። በየካቲት የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ጄሶው ሲወልቅ፣ ሐኪሙ ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ ብሎ የምትጨመቅ የላስቲክ ኳስ ሰጥቷቸው ነበር። ኳሷ ሰለቸቻቸው። ጆይስቲኩ ደግሞ ሶፋው ላይ ተጥሎ ነበር። መጀመሪያ ቲማቲም የሚተከልበትን ጌም ሞከሩ፤ ከቲማቲሙ ወደ ጦርነቱ ተሻገሩ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝማ። ደግሞ አንተ ሁሉንም የጨረስክ መስሎኝ ነበር፤ ግድግዳህ ላይ ተጽፎ የለ እንዴ?»

የዋጊህ ፊት ቀላ። ከዚያ ግን እፍረቱን ገፋ አድርጎ አንድ ሐሳብ መጣለት። እናቱ አጠገብ ተቀመጠና አተር ማገዝ ጀመረ። ዕድሜ ልኩን አተር ፈልፍሎ የማያውቅ ሰው መሆኑን አብላ ሱሄር ልብ አሉ። እሱም ቀስ እያለ፣ እየዞረ፣ በመጨረሻ ወደ ነገሩ ገባ። ስለ እያንዳንዱ ጌም ትንሽ ትንሽ ብትነግሪኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አርብ ለዝርዝሩ...

«ይሄማ ኩረጃ ነው፣» አሉ አብላ ሱሄር። ድምፃቸው አልጨመረም። ሰላሳ አራት ዓመት ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ይህን ቃል በዚህ ድምፅ የሰማ ተማሪ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ይወጣ ነበር። «ሁለት ሳምንት አለህ። አንዷን ተጫውተህ ጨርስና እሷን ተናገር።»

«እማዬ፣ ሰው አስር ነው የሚጠብቀው። አንድ ጌም ብቻ ይዤ ብቀርብ ይበሉኛል።»

«ይብሉሃ፣» አሉና አተሩን ይዘው ወደ ማድ ቤት ሄዱ።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን አብላ ሱሄር የአስተማሪነት አመል አልለቀቃቸውም። ለጨረሱት ጌም ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ እንደ ፈተና ወረቀት ነጥብ ይሰጡ፣ ከሥሩም ምክንያቱን ይጽፉ ነበር። ዋጊህ ደብተሩን ቴሌቪዥኑ ሥር አየው። ለዝርዝሩ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት እናቱ ዓሣ ሊገዙ ሲወጡ፣ ገጾቹን አንድ በአንድ በስልኩ አነሳ።

በማግስቱ አርብ ከሰዓት በኋላ የቀጥታ ስርጭቱ ተጀመረ። ሠላሳ ሺህ ሰው ገባ። ዋጊህ ስልኩን ከካሜራው በታች ደግፎ ማንበብ ጀመረ።

«አስረኛ፣ የብረት ጌቶች። ከአስር አራት። በአስር ሰዓት ሊናገር የሚችለውን በአርባ ሰዓት ይናገራል። ወንድምህን አድነው ወይም ተወው ይልሃል፤ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሞተ። ይህ ምርጫ አይደለም፤ ምርጫ መሳይ ነው።»

አስተያየቱ እንደ ዝናብ ወረደ። ይሄ ነው ዳኝነት አሉት። ዘንድሮ ዳኛው በሰለ አሉት። ባለፈው ዓመት በሙዚቃው ልባቸው ተነክቶ የነበረ ሰዎች፣ ሙዚቃውን ድሮም እንደማይወዱት ጻፉ። ከደመንሁር የምትከታተለው ናሪማን የምትባል የጥርስ ሕክምና ተማሪ ብቻ፣ ሁልጊዜም ጥያቄ የማታጣ ልጅ ናት፣ ነጥብ መስጠት ከመቼ ወዲህ ጀመርክ ብላ ጠየቀች። ዋጊህ አላያትም። ሙገሳው ሞቆታል። አንብቦ ወደሚቀጥለው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሲሄድ፣ የሚያነበውን መስማት ተወ።

አንደኛ የወጣችው «የጨው ከተማ» ነበረች፤ አቅጣጫ የሚጠቁም ቀስት የማያሳይ፣ የወረቀት ካርታ ብቻ የሚሰጥ፣ መንገድህን ራስህ የምትፈልግበት ጌም። ዋጊህ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከአስር ዘጠኝ። ጉድጓዱ ዘንድ ስደርስ ካርታውን ገልብጬ ይዤ ለአንድ ሰዓት ጠፋሁ። ባለቤቴ ትዝ አለኝ፤ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱም እንዲሁ ነበር። ለጫጉላ ወደ መርሳ መትሩህ ስንሄድ መንገድ አሳስቶ በረሃ ውስጥ አሳደረኝ፣ ተሳስቻለሁ ማለት ግን ሞቱ ነበር።»

አንብቦ ቀና አለ። አስተያየቱ ቆሟል። ከዚያ የመጀመሪያዋ መስመር ወጣች፤ የናሪማን ነበረች።

«አቶ ዋጊህ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። መቼ ነው ባል የሞተብህ?»

ከዚያ በኋላ የመጣውን ጎርፍ ማንበብ አይቻልም ነበር። ዋጊህ ስርጭቱን ለመዝጋት እጁን ሲዘረጋ የክፍሉ በር ተከፈተ። አብላ ሱሄር ሳሎን ሆነው በስልካቸው ሲከታተሉት ቆይተዋል። ወንበር ጎትተው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ካሜራውን እንደ አንድ የሚረብሽ ክፍል ገረመም አደረጉት።

«ተረጋጉ፣» አሉ። «ባሌ የሞተብኝ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ደብተሩም የኔ ነው። ሰነፍ ኮራጅ የጎረቤቱን ስም ሳይቀር ይገለብጣል፤ ይሄኛው ባሌን ገለበጠ።»

ዋጊህ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። የሠራውን በራሱ አፍ እንዲናገር ነገሩት፤ ተናገረ። አንድም አልጨረስኩም አለ። አምናስ ብለው ጠየቁት። አምና ሁለት አለ። ካቻምናስ ሲሉት መነጽሩን አውልቆ መወልወል ጀመረ። ከዚያ አብላ ሱሄር ስለ ጨው ከተማ አርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ ካርታው ለምን በትክክል እንደተሠራ፣ ጉድጓዱ ከሦስቱ በሮች እኩል ርቀት ላይ ለምን እንደተቀመጠ፣ በእርሳስ እየሣሉ። ማንም አልወጣም። ሲጨርሱ ሰባ ሺህ ሰው ነበር።

በሳምንቱ የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። ተከታዩ በእጥፍ አደገ። ለሁለት ተከፈለና አንዱ ወገን አብላ ሱሄርን «ዋና ዳኛ» ብሎ ሾማቸው፤ ሌላው ወገን ሴትዮዋ በኪራይ የመጣች ተዋናይት ናት አለ። አንድ ሰው ጆሯቸውን ከዋጊህ ጆሮ ጋር በቀይ ቀስት አነጻጽሮ ዝምድና እንደሌላቸው አረጋገጠ። አንድ የጌም አከፋፋይ የአስር ምርጦችን ዝርዝር ያውጡልን ብሎ ለመነ። አብላ ሱሄር እምቢ አሉ። እኔ የማውቀው ነጥብ መስጠት ነው፤ ልጆችን አንደኛና አስረኛ ብሎ መደርደር እናቶችን ከማጣላት በቀር የሚሠራው የለም አሉ። ደግሞም ጠዋት ጠዋት ሥራ አለባቸው።

ለዋጊህ ዜሮ ሰጡትና ማካካሻ ፈተና አዘዙለት፤ የጨው ከተማን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጫወታል፣ ስልኩ ማድ ቤት ይቀመጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ጥርስ ሕመም ነበሩ። በየአምስት ደቂቃው ኪሱን ይዳስሳል። በሦስተኛው ሳምንት ጉድጓዱ ዘንድ ደረሰና ጠፋ። እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ፤ አንዲት ቃል አልረዱትም። አንድ ሰዓት ዞረ። ካርታውን አዟዟረው፣ ተሳደበ፣ እንደገና ዞረ። በመጨረሻ ከአንድ ግንብ ሥር ወጥቶ ነጩ ከተማ በሙሉ ከታች ተዘርግቶ ሲያየው፣ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ተመለከተ። ለማንም ለመጻፍ አልቸኮለም። አባቱ መኪና ውስጥ ካርታ ዘርግቶ «ትክክል ነን፣ ትክክል ነን» ሲል ትዝ አለው፤ ሳቀም።

በየካቲት አጋማሽ ጨረሳት። ስለ አንዲት ጌም ብቻ ሊናገር ካሜራ ፊት ሲቀመጥ የገባው ሰው አራት ሺህ ነበር፤ ግማሹ እናትህ የት አሉ ብሎ ጠይቆ ወጣ። ናሪማን እስከ መጨረሻው ቆየች፤ ሰባት ጥያቄ ጠየቀች፤ አምስቱን መለሰ፣ ሁለቱን አላውቅም አለ። አላውቅም ማለት እንደፈራው አልጎዳውም።

ስርጭቱ ሲያልቅ ሳሎን ሄዶ እናቱን ስንት ሰጠሽኝ ብሎ ጠየቀ።

«ስድስት።»

«ለምን ስድስት ብቻ?»

«የመጨረሻውን ጠላት ለመጣል አስራ ዘጠኝ ጊዜ መሞትህን አልተናገርክም።»

«አስራ ሰባት ነው፣ እማዬ።»

አብላ ሱሄር ሹራባቸውን አስቀምጠው ደብተራቸውን ከፈቱና ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። ዋጊህ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቀኑና ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፏል። አስራ ዘጠኝ ነበር።