ካልተሰረቀ የማይጸድቅ ሐረግ

በአንድ የቡና ኮረብታ መንደር የሚያምር ተክል አይለመንም፤ ይሰረቃል። የተሰጠ ይደርቃል፣ የተሰረቀ ይጸድቃል ይላሉ፤ ቄሱም ቢሆኑ ከዚህ አይወጡም። ስለዚህ ኦቲልያ በረንዳዋ ላይ እንግዳ ስትቀበል ዓይኗ ከሰው ፊት ይልቅ የሰው እጅ ላይ ነበር።

ለበረንዳዋ ሐረግ ብትሳሳም አይፈረድባትም። ሐረጉ የዛፍ ሽበት በተጠቀለለበት ምሰሶ ላይ ሥሩን እየሰካ እስከ ጣሪያው ወጥቷል። ቅጠሉ ከክንድ ይረዝማል። ሲወለድ መዳብ ይመስላል፤ ሲጎለምስ ጥቁር አረንጓዴ የከፋይ ጨርቅ ይሆናል፣ ጅማቶቹ ብቻ ነጣ ብለው ይቀራሉ። አዲስ ቅጠል ሊፈታ ሲል ኦቲልያ ወንበር ስባ ትጠብቀዋለች። እውነቱን ለመናገር፣ ልጆቿን ስትድር እንኳ እንዲህ ተረጋግታ አልተቀመጠችም።

ዘንድሮ እህቷን ልታስታምም ሜደሊን ከተማ ሄደች። «የአፈሩ ላይኛው ሲደርቅ ብቻ፣ ጥቂት ውኃ» ብላ ሐረጉን ለባሏ ለሩቢኤል አደራ ሰጠች። ስትመለስ ግንዱ ጠቁሮ ላሽቋል፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል።

«ምን አደረግኸው፣ አንተ ሰውዬ?»

«ዝናቡ ነው እሜቴ።»

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! በረንዳ ውስጥ ነው የዘነበው?»

«እሺ በቃ፣ ጠዋት ማታ አጠጣሁት። አንቺ ናፍቀሽው የጠወለገ መስሎኝ።»

አንጓ በአንጓ ዳበሰችው። አንድም ጤነኛ አላገኘችም። ከእናቷ የቀረላት እሱ ብቻ ነበርና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ለቅሶዋን የሰማችው ሶይላ ናት፤ ኦቲልያ ልጇን ክርስትና ያነሳችላት ጎረቤቷ። በማግስቱ «ነይ ቸኮላታ ጠጪ» ብላ ጠራቻት። ሳሎን ግን አላስቀመጠቻትም፤ ለዓመታት ሰው ያላስገባችበትን ጓሮ ከፈተችላት።

የአቮካዶው ዛፍ ላይ ያ ጥቁር ከፋይ ተሰቅሏል። ቅጠሎቹ ከኦቲልያ ሐረግ ቅጠሎች ይበልጣሉ።

«መቼ ሰረቅሽኝ?» አለች ኦቲልያ።

«ያኔ በረንዳሽ ላይ ተቀምጠን፣ ዶሮዋን ልታባርሪ ስትነሺ ቆረጥኩት።»

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል! አበልጄ ብዬ ባምንሽ!»

«ተሳደቢ፣ ይገባኛል። ግን እስቲ እዪው።»

አየችው። ጫፉ ላይ አንድ ቅጠል ገና እየተፈታ ነበር፤ ቀይ፣ እርጥብ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያበራ። ቁጣዋ እዚያው በረደ። የእናቷ ሐረግ በሰው ጓሮ እንዲህ መክበሩ አስቀናት፤ ደስም አላት።

«ልሰጥሽ አልችልም» አለች ሶይላ። «ከሰጠሁሽ እንደሚሞት ታውቂያለሽ። ውይ፣ ወተቱ ሊገነፍል ነው!» ብላ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

ኦቲልያ በሕይወቷ የሰው መርፌ ነክታ አታውቅም። እጇን ወደ ሐረጉ ዘረጋች፣ መልሳ ሰበሰበች።

«ከአንጓው በታች ቁረጪ!» የሚል ድምፅ ከወጥ ቤት መጣ። «ቢላዋው ድንጋዩ ላይ ነው! እኔ አላየሁሽም!»

ቆርጣ ሻርፗ ውስጥ ሸጎጠችው። ክንድ የሚያህል ቅጠል ግን የት ይደበቃል? ጫፉ ጉልበቷ ላይ ተንጠለጠለ። ሶይላ ቸኮላታውን ይዛ ተመለሰች፤ ዓይኗን ሰማይ ላይ ተክላ ስለ ደመናው ታወራለች።

የኦቲልያ አፍ በምስጋና ሞላ። የተመሰገነበትም ተክል ይደርቃልና ዋጠችው። እንባዋ ሲኒው ውስጥ ጠብ አለ።

«ሌባ!» አለቻት።

«አንቺ ነሽ ሌባ» አለች ሶይላ፣ የኦቲልያን እጅ ጭብጥ አድርጋ ይዛ።