የባሽር ታርጋ

ሸረፈዲንና ቀለሙ ሃያ ሁለት ዓመት ዓይንና ናጫ ሆነው ኖረዋል። አንዱ ደሴ፣ ሌላው ኮምቦልቻ ስለሚኖሩ የሐረጎ ዳገት መካከላቸው ገብቶ እንዳይተያዩ ረድቷቸው ነበር። ከዚህ የበለጠ እርቅም አልፈለጉም።

በ2007 ዓ.ም. ግን አዲሱ የባቡር ሐዲድ ኮምቦልቻ ሊደርስ ነው ተባለና ለሕዝብ የሚታይ ሞዴል ባቡር በከተማው አዳራሽ እንዲሠራ ተወሰነ። ትንሿ ባቡር በሐርቡ በኩል ገብታ፣ ጠረጴዛውን ዞራ፣ ጥግ ላይ ባለው የባቡር ሞተር መጠገኛ ቤት ትቆማለች። ሥራውን የያዘችው ዚክራ የምትባል የንድፍ አስተማሪ ናት። በአካባቢው የባቡር መጠገኛ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ብትፈልግ ሁለት ብቻ አገኘች። አንዱ አጎቷ ሸረፈዲን ነው። ሁለተኛው ደግሞ አጎቷ ስሙን ሲሰማ የሚያንገሸግሸው ቀለሙ።

ሸረፈዲን መጀመሪያ እምቢ አለ። ኋላ ግን ያ ሰው ብቻውን ሠርቶት የልቡን ሊያወራ ነው ብሎ አሰበና በማግስቱ ሚኒባስ ይዞ ወረደ።

ጠቡ እንዲህ ነው። ሁለቱም በወጣትነታቸው በረሃ ወርደው አንድ የባቡር መጠገኛ ቤት ተቀጥረው ነበር። ቀለሙ ካቦ ሆነ። ሸረፈዲንና ታናሽ ወንድሙ ባሽር፣ የዚክራ አባት፣ በእሱ ሥር መካኒክ ሆኑ። በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር። ባቡሩን ከሚጎትተው ሞተር ሥር ለጥገና ወደተቆፈረው ጉድጓድ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ነጂው ክፍል ወጥቶ፣ ቁጥሩ የተቀረጸበትን የናስ ታርጋ መንጠቆው ላይ ይሰቅላል። ታርጋው እስካለ ድረስ ሞተሩ አይንቀሳቀስም፤ ከባለቤቱ በቀር ታርጋውን የሚያወርድም የለም፣ አለቃም ቢሆን።

አንድ አርብ ቀን፣ ሸረፈዲን ጁምዓ ሶላት ሄዶ ለወንድሙ ከጎኑ ቦታ ይዞ ሲጠብቀው፣ ባሽር ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ሞተሩ ተንቀሳቀሰ። ቀለሙ ነጂው ክፍል ወጥቼ አየሁ፣ ታርጋ የሚባል አልነበረም ብሎ ቃሉን ሰጠ። ታርጋውም ዘወትር በሚቀመጥበት ግድግዳ ላይ ተገኘ። ባሽር በገዛ ግድየለሽነቱ ሞተ ተብሎ ተጻፈ። እናታቸው ይህንኑ እየሰሙ ሞቱ፤ ዚክራም ይህንኑ እየሰማች አደገች። ሸረፈዲን የወንድሙን ልብስ ሲረከብ የግራ ቡት ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም። ጫማውን እስከ ዛሬ አስቀምጦታል፤ ማሰሪያው የት እንደገባ ግን አያውቅም።

አዳራሹ ውስጥ ሁለቱ አይነጋገሩም ነበር። ቃላቸው ሁሉ በዚክራ በኩል ያልፋል። ቀለሙ ወለሉን አይቶ፣ መጠገኛ ቤት እንዲህ አይጸዳም፣ ዘይት ይፍሰስበት በይው ይላል። ሸረፈዲን ዘይቱን ቀብቶ ሲጨርስ፣ ጣራው ጥቀርሻ ይጎድለዋል፣ መሰላሉም በስተግራ ነበር ብሎ ቀለሙ ደግሞ ይልካል። ይህ ሰው በሥራ ላይ ስህተት ካየ እንቅልፍ የሚነሳው ዓይነት ነው፤ በሰው ነፍስ ላይ ግን እንዲያ አልነበረም። የሚያናድደው ደግሞ ሁልጊዜ ልክ መሆኑ ነው። ሸረፈዲን በውስጡ እየሰደበው መሰላሉን ያዛውራል።

በአራተኛው ቀን ሸረፈዲን የሞዴሉን ሞተር ሠርቶ አቆመ። ከችፑድ ቀርጾ፣ አረንጓዴ ቀብቶ፣ ጎኑ ላይ 47 ብሎ ጻፈበት። የዚያ አርብ ሞተር ቁጥር ነው። ከዚያ የቢራ ቆርኪ በመቀስ ቆርጦ የጥፍር ያህል ታርጋ ሠራና ነጂው ክፍል ውስጥ መንጠቆው ላይ ሰቀለው። ይህን ያደረገው ቀለሙ እንዲያየው ነው፤ እንዲያመውም ነው።

ቀለሙ መነጽሩን አድርጎ አጎነበሰ። ቁጥሩን አየ፣ ታርጋውን አየ፤ ጆሮ ግንዱ ላይ ደም ሥሩ ተገተረ። ዚክራን ዘሎ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለሸረፈዲን ለራሱ ተናገረ።

«ውሸት ነው። አንተ ጁምዓ ነበርክ፣ ምን አይተህ ነው የምትሠራው? የ47 መንጠቆ ከተሰበረ ወር አልፎት ነበር። ባሽር ታርጋውን የእጅ ፍሬኑ መዘውር ላይ ነው በጫማ ማሰሪያ ያሰረው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሸረፈዲንን ስህተት ሊያጋልጥ ተጣድፎ የራሱን አወጣው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው። ለራሱም የገባው ከተናገረ በኋላ ነው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

ለሸረፈዲን ያ ባዶ የጫማ ቀዳዳ ታየው። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ መያዝ ስለፈራ።

ቀለሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰዓቱ የጁምዓ ነበርና ባሽር ታርጋውን ማውረድ ረስቶ መስጊድ የሄደ መስሎኝ ነው ያወረድኩት፣ ሞተሩም ተፈልጎ ነበር እያለ አጉተመተመ።

ዚክራ ብሩሿን እንደያዘች ቀረበችው። አልጮኸችም።

«ጋሽ ቀለሙ፣ ቋጠሮው አንድ ነበር ሁለት?»

ዝም ቢል ይሻለው ነበር። ልማዱ ግን ቀደመው።

«ሁለት» አለ። «ሁለተኛው አልፈታ ብሎኝ ነበር።»

«ወላሂ» አለ ሸረፈዲን፣ «ያን ሁሉ ጊዜ ቆመህ ስትፈታ፣ አንዴ ጎንበስ ብለህ ባሽር ብለህ አልተጣራህም።»

 ቀለሙ ኮፍያውን ለማንሳት ሲዳብስ የመሰላሉን ሞዴል ጣለው፤ ሊያነሳው ጎንበስ አለና ሸረፈዲን፣ ተወው፣ እንዳትነካው አለው። ቀለሙ ወጣ። የሸኘው ሰው የለም፤ ይቅርታም አልጠየቀም፤ ቢጠይቅም የሚያገኝ አልነበረም።

ዚክራ ታርጋውን ከመንጠቆው አወረደች። ሸረፈዲን መንጠቆውን በፒንሳ ሰበረው። እሷ ጥቁር ክር አምጥታ ታርጋውን መዘውሩ ላይ አሰረች፤ አንዴ ቋጠረች፣ ደገመች። ከዚያ ለጎብኚ የምትለጥፈውን ወረቀት ሳበችና ምን ልጻፍ ብላ ጠየቀችው።

እሱም ስለ ባሽር ለእናታቸው ሳይነገር የቀረውን ነገር አጻፋት፦ «ሠራተኛው ታርጋውን አስሮ ነው የገባው።»