ታናሽየዋ ቀድማ ቆመች

ልብስ ሰፊዋ ሰባ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ ታናሽ እህቷ ፀጉር ሠሪዋ ገና ሃምሳ አልደፈነችም። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገቻት ታላቅየዋ ናት። በአንድ ክረምት ሁለቱንም ስትሮክ መታቸው፤ መጀመሪያ ታላቅየዋን ስፌት መኪናዋ ላይ፣ ወር ሳይሞላ ታናሽየዋን የደንበኛ ፀጉር ስታጥብ። የሁለቱም ቀኝ እጅና እግር ከዳቸው።

ሆስፒታሉ አንድ ክፍል አስተኛቸው። ብዙም ሳይቆይ ታናሽየዋ የአልጋውን ብረት ተደግፋ ቆመች። ቤተሰቡ "እሰይ!" ብሎ አጨበጨበ። ታላቅየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"ዶክተር፣ ቀድሜ የታመምኩት እኔ፣ ቀድማ የምትድነው እሷ! ምን ዓይነት ፍርድ ነው?" አለችው።

"ትልቁ የአንጎል ደም ስር ሲዘጋ፣ ትናንሾቹ ከጎን ደም ያደርሳሉ" አላት። "ዕድሜ ሲገፋ ግን እነሱም ይቀጥናሉ፣ ያንሳሉም። የተጎዳው ቦታ እንደ ልብ ደም አያገኝም። ይዘገያል እንጂ ተስፋ የለዎትም ማለት አይደለም።"

"በአጭሩ አርጅተሻል በለኛ!"

ታናሽየዋ ከሆስፒታል ወጥታ ለጥየቃ መመላለስ ጀመረች፤ ሁልጊዜ እግሯን እየጎተተች። አንድ ቀን ግን ታላቅየዋ በተከፈተው በር አየቻት፤ በኮሪደሩ ቀጥ ብላ ትመጣለች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ማነከስ ትጀምራለች። ደሟ ፈላ።

"ለእኔ ብለሽ ነው የምታነክሺው?"

ታናሽየዋ ክው አለች። "እንዳይከፋሽ ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"ከፍቶኛል! እንዴት እንደምቀናብሽ ብታውቂ! አዝዬ ያሳደግኳትን ልጅ እግር ስመኝ እውላለሁ። አላፍርም?"

ታናሽየዋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ስታለቅስ ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገች።

"እንግዲያው ቅኚ" አለች። "ግን ተኝተሽ አይደለም። እየቀናሽ ተነሺ።"

ታላቅየዋ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ተናደደች። በንዴቷም የእህቷን ትከሻ ጨምድዳ ተነሳች። ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ያዘ።

በጋው ሲገባ በምርኩዝ ከቤት መውጣት ቻለች። ቀኝ እጇ ግን መቀስ አልያዘም፤ ስፌቱ በዚያው ቀረ። አብረው ሲወጡ ታናሽየዋ ታክሲ ልታስቆም ሮጣ ትቀድማለች። ታላቅየዋ ያን ጊዜ ዛሬም ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞራለች።