«ቅ» የተጻፈባት ብልቃጥ

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እንደወረደ እውነት ነው። ከዋሸሁ ይህ የምታውቁት ጥቁር ጸጉሬ አንድ በአንድ ይርገፍ።

ጃትሮፋ የሚባል ዛፍ አለ። ፍሬው ሲጨመቅ መኪና የሚነዳ ዘይት ይወጣዋል። ጣጣው ከዘይቱ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ነው። ዛፉ መርዝ ስለሚሠራ ፋጉሎውን የበላ ከብት አይተርፍም። መርዙን የሚሠራለት ደግሞ ኢንዛይም ነው፤ በሥሩም፣ በቅርፊቱም፣ በቅጠሉም፣ በፍሬውም ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ሲሠራ የሚውል። የእኔ ሥራ እሱን ማሳደድ ነው። ቅጠሉን በረዶ ላይ አድርጌ እፈጫለሁ፣ አጣራለሁ፣ ከዚያ መለኪያው ውስጥ እከታለሁ። ኢንዛይሙ በሥራ ላይ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ይወጣል። በዚህ ሙያ እኔን የሚያክል ሰው በዓለም ላይ አንድ ቢገኝ ነው፤ እሱም ጡረታ ወጥቷል።

እንዲህ ተፈርቼና ተከብሬ በምኖርበት ቤተ ሙከራ ነው እንግዲህ በረዶ የተቀጠረው። በረዶ ያልነው የበረዶ ባልዲውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ስለሚውል ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጸጉሩ ደግሞ... ጸጉሩን እንተወው። ባለቤቴ የችግኝ ቤቱ ኃላፊ ናት። ለሁላችንም ናሙናውን ቆርጣ፣ ብልቃጦቹ ላይ ምልክት ጽፋ የምታስረክበን እሷ ናት። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣

«በረዶ እኮ ሲፈጭ አንዲት ጠብታ አትባክንበትም» አለች።

ጉርሻዬን ወደ ሳህኑ መለስኩ። «እኔስ ስፈጭ?»

«አንተ ስትፈጭማ የሚለቀመው ከጣሪያው ላይ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከሁለቱ ላይ አላነሳሁም። ለእሱ ቅጠሉን ራሷ ይዛለት ትመጣለች፤ ለእኔ «መጥተህ ውሰድ» ነው። ለእሱ «እንዴት አደርክ»፣ ለእኔ «ጫማህን ጥረግ»። አብራኝ አድራ የመጣች ሴት እንዴት እንዳደርኩ ምን ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ሆዴን ላባብለው ሞከርኩ። ሆዴ እሺ አላለኝም።

በዚህ መሀል አለቃችን ሰበሰበችንና፣ መርዝ የማይሠራ ዛፍ ከተገኘ ተባዝቶ ይተከላል አለች። የቀረቡት ዛፎች ሁለት ናቸው፤ አንዱን የመረጠው በረዶ፣ ሌላውን ከአጥሩ ጥግ ያገኘሁት እኔ። ሌላው ሰው የሚያስበው ስለ ከብቱ ነበር። እኔ የማስበው ስለ እራቴ ነው። የእሱ ዛፍ ካሸነፈ ዕድሜ ልኬን በረዶ በረዶ የሚል እራት ልበላ ነው።

የመለኪያው ዕለት ስገባ፣ ሁለቱ ማቀዝቀዣው አጠገብ ግንባር ለግንባር ገጥመው ያንሾካሹካሉ። እሷ ትስቃለች። ሲያዩኝ ዝም አሉ። ደሜ ፈላ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር ራሱ ከፍ ብሏል። ማንንም ሰላም ሳልል የእኔ ዛፍ ብልቃጦች ወደተደረደሩበት ሄድኩና «ቅ» የምትለዋን መዘዝኩ። «ቅ» ቅጠል ናት፤ መነጽር እንኳ ማውረድ አላስፈለገኝም። መለኪያው ውስጥ ከተትኳት።

መስመሩ አልተነሳም። እንደተኛ ሐይቅ ዝርግ ብሎ ቀረ። በዓለም ታሪክ የመጀመሪያው መርዝ የለሽ ጃትሮፋ እጄ ላይ ነበር።

«ኑ፣ ተሰብሰቡ» አልኩ። ድምፄ ሦስት ሕንፃ ተሻግሮ ተሰምቷል። አለቃችን እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። በረዶ ብልቃጧን አየ፣ ባለቤቴን አየ፣ እኔን አየ። ፊቱ በቅናት አመድ መሰለ፤ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ጋሼ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ባለቤቴ ደግሞ ልክ በሠርጋችን ቀን እንዳየችኝ አድርጋ አየችኝ።

ዛሬ የእኔ ዛፍ ከአድማስ እስከ አድማስ ተተክሏል። ፋጉሎውን የበሉት ላሞች ወተታቸው አልቆም ብሎ ባልዲ ጠፍቷል። በረዶም የታቀፈውን ባልዲ ለወተቱ አስረክቦ፣ ባዶ እጁን...

እዚህ ላይ ደርሼ ነበር። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ስታነብ አላየኋትም። ጣቷን «ቅ» ላይ አሳረፈች።

«ይቺ ቅጠል አይደለችም» አለች፣ ቀስ ብላ። «ቅጠሉ ላይ ‹ቅጠ› ብዬ ነበር የጻፍኩት። ‹ቅ› ቅቅል ናት፤ ለማነጻጸሪያ ብለን ያፈላናት። የተቀቀለ ኢንዛይም የሞተ ነው፤ መስመሩ ከየት አምጥቶ ይነሳል?»

«አለቃችን ያለቀሰችውስ?»

«ጉንፋን ይዟት ነበር።»

«ማቀዝቀዣው ጋ የነበረው ሹክሹክታስ?»

«ምልክቱን ቀይረን ነበር፤ አንተ ደግሞ ያን የተነጋገርን ቀን አልነበርክም። ‹ጋሼን እንዴት ብዬ ልንገራቸው፣ ይቀየሙኛል› እያለ በረዶ ሲጨነቅ ነው የሳቅኩት። ሰው ፊት ዝም ያለው እንዳታፍር ብሎ ነው። በማግሥቱ ራሱ ደግሞ ለካው፤ የአንተ ዛፍ መስመር ሽቅብ ወጥቶ ከስክሪኑ ሊያመልጥ ነበር። የተተከለው የእሱ ነው። እሱም ከአድማስ እስከ አድማስ ሳይሆን ከችግኝ ቤቱ ጀርባ።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ ድምፄ ግን ሕንፃ የሚሻገር አልነበረም።

«በሠርጋችን ቀን እንዳየሽኝ ያየሽኝስ?»

አሰብ አደረገች። «እሱ እንኳ እውነት ነው። በሠርጋችን ዕለትም መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ ጠፋብኝ እያልክ ትፈልገው ነበር።»

ከዚያ ወረቀቱን ወደ ላይ መልሳ የመጀመሪያውን መስመር አነበበች። መዳፏን አናቴ ላይ አድርጋ ልሙጡን ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

«ጸጉርህ ግን» አለች፣ «የረገፈው ይህን ከመጻፍህ በፊት ነው።»