ሚዛን የሌላት ብር

ቦንጋ ገበያ ገብቶ ላቀችን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ገና ቦንጋ አልደረሰም። ኮረሪማዋን ስትፈለፍል ሺሺንዳ ያለ ሰው ያስነጥሰዋል። ታዲያ ይህች የኮረሪማ ንግሥት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የነገደችው ላስቲክ ወጥራ ነው። የቦንጋ ዝናብ ደግሞ ሌላ አገር ቢዘንብ ሕዝቡን በመርከብ ያሰድደው ነበር። ባለፈው ክረምት ብቻ ሦስት ጆንያ ሻግቶባታል። ዘንድሮ ከተደገመ ንግዱ አበቃ።

የነጋዴዎቹ ማኅበር መንገድ ዳር ያሠራው የቆርቆሮ ሼድ ተከፋፍሎ አንዲት ክፍል ብቻ ቀረች። ፈላጊዎቹ ሁለት ናቸው፤ ላቀችና ሰልባጅ ልብስ ሻጩ ደምመላሽ።

የማኅበሩ ጸሐፊ አዲሱ ለዕጣ ወረቀት መቅደድ ሲጀምር ገበያው ተንጫጫ። አምና የአንዷ ዕጣ ጥግ ታጥፎ ከተገኘ ወዲህ፣ እዚያ ገበያ የተጠቀለለ ወረቀት የሚያምን ፍጡር የለም።

«እንግዲያው ሳንቲም ይጣል» አለ አዲሱ።

«በማን ሳንቲም?» አለች ላቀች። «የእናንተን አላምንም፣ በራሴ!»

ከመቀነቷ ጠዋት ከተቀበለችው ዝርዝር ውስጥ አንዷን ፈታ ሰጠችው። መሐሏና ዳሯ ቀለሙ የተለያየ፣ ከሌሎቹ ትንሽ አነስ የምትል ብር ናት። ማን ልብ ይላል?

«ምን ይላሉ እትዬ ላቀች? አንበሳ ወይስ ሚዛን?»

«ዕድሜዬን በሚዛን ኖሬ አንበሳ ልበል? ሚዛን!»

ሳንቲሟ ደመና ነክታ ተመለሰች። አንበሳ።

«አንዴማ ማንም ያገኛል! ከሦስት ሁለት!»

«ይሁንልሽ» አለ ደምመላሽ እየሳቀ።

አንበሳ።

«ከአምስት ሦስት!»

«እትዬ ላቄ፣ እስከ ፋሲካ ልንጥል ነው እንዴ?»

አሁንም አንበሳ። ላቀች ሳንቲሟን ከጭቃው ነጥቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻት። በአንድ ፊቷ አንድ አንበሳ ቆሟል። ገለበጠቻት። በሌላው ሁለት አንበሶች ጋሻ አቅፈው ቆመዋል። ሚዛን የሚባል ነገር በአካባቢው የለም።

ቅቤ ነጋዴዋ ወንጌላዊት ተቀብላ አነበበች። «ኬንያ ይላል። አሥር ሽልንግ።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ደካ ድረስ ተሰምቷል የሚሉ አሉ፤ እኔ ቢታ ገነትም ደርሷል ባይ ነኝ።

«አንተ ነህ!» አለች ላቀች ደምመላሽን እያፈጠጠችበት። «ከሰልባጅህ ኪስ የወጣ ነው! አስበህ ሰጥተኸኛል!»

«እኔ? ካንቺ ስገዛ መቼ ከፍዬ አውቃለሁ?»

እውነቱን ነው፤ ከፍሎ አያውቅም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ጠዋት ከሃምሳ ሰው ዝርዝር ተቀብላለች። ማንን ትያዝ? ሳንቲሙን ያመጣችው ራሷ፣ ሚዛን ያለችው ራሷ፣ ይደገም ያለችውም ራሷ!

«የውጭ አገር ገንዘብ ስለሆነ ውጤቱ አይያዝም» አለ አዲሱ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ እየሰረዘ። «እንደገና ይጣላል። አንዴ ብቻ!»

ወንጌላዊት የአገር ብር አወጣች። ላቀች አገላበጠቻት፣ በጥርሷ ሞከረቻት፣ ለደምመላሽም አሳየችው። ሚዛኑም አንበሳውም በየቦታቸው አሉ።

«ምን ይላሉ?»

ላቀች ሳንቲሟን ለአዲሱ ሰጠችው። ሦስት ጊዜ የወደቀው አንበሳ ዓይኗ ላይ ተደቅኗል። ሚዛን ዛሬ ጠልቷታል፤ ግልጽ ነው። ከንፈሯን ነከሰች።

«አንበሳ» አለች።

ሳንቲሟ ወደቀች። አዲሱ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ዓይኗን ሸሸ።

«ሚዛን ነው እትዬ ላቀች።»

ይህን ጊዜ ያልሳቀ ደምመላሽ ብቻ ነበር። ላቀች የሰደበችውን ስድብ ብጽፈው ወረቀቱ ይቃጠላል፤ ሳንቲሙን፣ አንበሳውን፣ ኬንያን፣ የራሷን ምላስ አንድ በአንድ አዳረሰች። ዝናቡም መጣ። ሮጣ ላስቲኳን በጆንያዎቿ ላይ ስትጎትት ደምመላሽ የሼዱን ቁልፍ እንደያዘ ከኋላዋ ቆመ።

«እትዬ ላቄ፣ ጆንያዎቹን እኔ ዘንድ አስገቢያቸው። ጥግ ላይ ቦታ አይጠፋም።»

«የኔን ኮረሪማ ከሰው አሮጌ ሱሪ ጋር? ሞቼ ነው ቆሜ!»

ላስቲኩ ያጠራቀመው ውኃ በአንድ ጊዜ አንገቷ ላይ ተደፋ።

«በወር ስንት ልትለኝ ነው?» አለች እየተንቀጠቀጠች።